ከአውድማው እስከ አየር ጤና ጓዳ

ከጦር ኃይሎች ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ አየር ጤና ላይ ሲደርስ የጅማ መስመርን ይይዛል። የበቾ ጤፍና ሽንብራ፣ የጉራጌ ቆጮ፣ የጅማና የከፋ ኮረሪማ ወደ አዲስ አበባ የሚገቡት በዚሁ መንገድ ነው። የጎጃም ጤፍና በርበሬ ደግሞ በሌላ በር ገብቶ፣ መርካቶ እህል በረንዳና በርበሬ በረንዳ አርፎ፣ በነጋዴ እጅ ወደዚሁ ሰፈር ይመጣል። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የምትገኘው አየር ጤና ለገበሬው ሩቅ ከተማ ትመስላለች። ነገር ግን ገበሬው በአውድማው ላይ የሠራው ጥሩም መጥፎም ሥራ ተመርምሮ የሚታወቀው እዚህ ሰፈር ውስጥ ባለ የአንድ እናት ሰፌድ ላይ ነው።

በሰፈሩ ሁሉንም ከባዶ የሚሠሩ እናቶች ዛሬም አሉ። ጤፉን በጥሬው ይገዛሉ፤ በርበሬውን ከነዛላው፣ ሽንብራውን ከነገለባው፣ ቅቤውን ሳይነጠር። የተፈጨ ነገር ወደ ቤታቸው አያስገቡም። ይህ የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጥሬው ሲታይ ይታወቃል፣ የተፈጨው ግን ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም ከሚል ስሌት የመጣ ነው። ለገበሬውና ለወረዳ የግብርና ባለሙያ ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው። እነዚህ እናቶች ከላኪ ድርጅት ያልተናነሰ ጥራት መርማሪ ናቸው፤ ልዩነቱ ውጤታቸውን በወረቀት አለመጻፋቸው ነው።

የበርበሬው ወር

ክረምቱ ሳይገባ፣ ፀሐይ የምትታመንባቸው ሳምንታት ሲገኙ፣ በየግቢው ሸራ ላይ ቀይ ነገር ተሰጥቶ ይታያል። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሳይታመም ያስነጥሳል። ሥራው የሚጀምረው በመቀንጠስ ነው፤ የእያንዳንዱ ዛላ ቅንጥብ በእጅ ይነቀላል፣ ውስጡ የሻገተው ይለያል። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ከሠራው ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ጎረቤት ይጠራራል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ትንሽ ትንሽ ይሰጣቸዋል። ወንድ ልጅ ከመቀንጠሱ የሚያመልጥበት ዘመን በብዙ ቤት አልፏል፤ በአንዳንዱ ግን አሁንም እህቱ ስትቀነጥስ እሱ ኳስ ያያል፣ ይህም በግልጽ መነገር ያለበት ነው።

የተቀነጠሰው በርበሬ ታጥቦና ጠፍጥፎ ይደቀቃል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ በሶብላና ጤና አዳም አብረውት ይወቀጣሉ። ድብልቁ ተሸፍኖ ያድርና እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ቅርንፉዱና ጨው በለስላሳ እሳት ታምሰው ይጨመሩበታል፤ ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው። ሴት ልጅ ከእናቷ የምትማረው በሚዛን ሳይሆን በሽታ ነው፤ ኮረሪማው ሲበዛ ወጡ መራራ እንደሚሆን፣ አዝሙዱ ሲያንስ በርበሬው እንደማይቀመጥ እያሸተተች ታውቃለች።

የጋራ መኖሪያ ቤት መስፋፋት ይህን ሥራ አጥብቦታል። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ሸራ የምትዘረጋበት ቦታ የላትም፤ በረንዳዋ ለአንድ ሰፌድ ብቻ ትበቃለች፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ደግሞ ልብስ ያጥባል። ስለዚህ አንዳንዶች ግቢ ወዳላት እህታቸው ወይም አክስታቸው ቤት በርበሬያቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የበርበሬ ወር ዘመድ የሚሰበሰብበት ወር የሆነው በዚህም ምክንያት ነው። እግረ መንገድ የቤተሰቡ ጉዳይ ሁሉ ይነሣል፤ የማን ልጅ ታጨ፣ የማን ኪራይ ጨመረ፣ ውጭ ያለው ልጅ ስንት ኪሎ ይላክልኝ አለ።

በርበሬውን የሚመርጡት እንዴት ነው? በመጀመሪያ ቀለሙን ያያሉ። ደማቁና ጥቁር ቀይ የሆነው የማረቆ በርበሬ ለብዙ ጊዜ ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል፤ ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያም ለዛላው ትልቅነትና ለቀለሙ የተመረጠ ነው። ከአማራ ክልል ደግሞ የቡሬ፣ የጃቢ ጠህናንና የአካባቢያቸው በርበሬ በከተማው ገበያ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ዛላውን ይነቀንቃሉ፤ ፍሬው ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ከዚያ ሰብረው ያሸታሉ። እናቶቹ በአፍንጫቸው የሚያገኙት ሽታ በቤተ ሙከራ ቋንቋ ሻጋታ ይባላል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከጣዕም ያልፋል። በርበሬ ባልደረቀበት ሲከማች፣ በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ፣ ወይም ክብደት እንዲጨምር ውሃ ሲረጭበት አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ያድግበታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመርታል፤ መርዙ በረጅም ጊዜ የጉበት ካንሰር ያመጣል። በአዲስ አበባ ገበያ በሚሸጥ የተፈጨ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ይህ መርዝ መገኘቱን ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ማፍላትም ሆነ ማመስ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የወጡ ደኅንነት የሚወሰነው ድስቱ ላይ ሳይሆን ገበሬው በርበሬውን በሰጣበት ቀን ነው።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ማስጣት፣ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው መሸፈን፣ የተጎዳውንና የሻገተውን ዛላ ከጤነኛው መለየት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በማዳበሪያ ከረጢት አለመጠቅጠቅ ይበቃል። ውሃ መርጨቱ ግን የድህነት ወይም የእውቀት ማነስ ጉዳይ አይደለም፤ ማጭበርበር ነው። አንዳንዴ ገበሬው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በመካከል ያለው ሰብሳቢ ያደርገዋል። በኪሎ ጥቂት ብር ያተረፈው ሰው የሚያደርሰው ጉዳት በማያውቀው ቤት ልጆች ሰሃን ላይ ያርፋል። የወረዳ የግብይት ባለሙያዎች ክትትል ቢያደርጉ ፍሬ የሚያገኙት እዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ጤፉና አፈሩ

ስለ ጤፍ ብዙ ተጽፏል። በአገሪቱ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል፣ ሚሊዮኖች ያመርቱታል። የከተማዋ ጓዳ በጤፍ ምርምር ላይ ያሳደረችው ተጽዕኖ ግን ብዙ አይነገርም። ቁንጮ የተባለው ዝርያ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ተዳቅሎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የተለቀቀ ነው። ወላጆቹ ሁለት ናቸው፤ ምርታማው ዱከምና ነጭ ፍሬ ያለው ማኛ። ዱከም ጥሩ ምርት ይሰጥ ነበር፣ ነገር ግን ፍሬው ነጭ ስላልነበር ገበያው አልወደደውም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ያዳቀሉት ገዢዋ እናት ነጭ እንጀራ ስለምትፈልግ ነው። ገበሬው ዛሬ የሚዘራው ዘር በከፊል በእሷ ምርጫ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ምርጫዋ እየተለወጠ መሆኑንም ገበሬው ቢያውቀው አይጎዳም። ቀድሞ የድሃ ጤፍ ይባል የነበረው ቀይ ጤፍ ለጤና ተብሎ የሚፈለግበት ቤት በዝቷል። ሰርገኛም እንደዚሁ። ነጭ ብቻ ነው የሚሸጠው የሚለው አሮጌ ምክር በእያንዳንዱ ወረዳ እንደገና መታየት ያስፈልገዋል።

እናቶቹ በጤፍ ላይ ያላቸው ትልቁ ቅሬታ ስለ ቀለም አይደለም፤ ስለ አፈር ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ አየር ጤና ግቢ ሲገባ ገና ሥራው አልተጀመረም። በወንፊት ይነፋል፣ በሰፌድ ይበጠራል፣ ይንገዋለላል። የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከእሱ እኩል የሆነ አሸዋ በወንፊት አይለይም። ያልተለየው አሸዋ ወፍጮውን አልፎ እንጀራው ውስጥ ይገባና ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። ያኔ አባወራው ቀና ብሎ ያያል። የእናቲቱ የአንድ ሳምንት ድካም በአንድ ጉርሻ ይፈርሳል።

ይህ አፈር የሚመጣው ከአውድማ ነው። በበሬ የሚወቃ ጤፍ በእበት በተለቀለቀ መሬት ላይ ሲወቃ አፈሩ አብሮ ይነሣል። ተመራማሪዎች በጤፍ ውስጥ ሲለካ የሚገኘው ከፍተኛ ብረት የተወሰነው ክፍል ከአውድማ አፈር የሚመጣ እንደሆነ ካረጋገጡ ቆይተዋል። ሰፊ ሸራ ዘርግቶ መውቃት ወይም የመውቂያ ማሽን በማኅበር ተከራይቶ መጠቀም የፍሬ ብክነትንም ይቀንሳል፣ በከተማም ንጹሕ ጤፍ ተብሎ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። አየር ጤና ላይ ቸርቻሪዎች ጤፍ ሲሸጡ ከቦታው ስም ቀጥለው የሚናገሩት አፈር የለውም የሚለውን ነው። ገዢዋ እጇን ወደ ከረጢቱ ከትታ ወደ ታች ትዘልቃለች፣ ከሥር ያለውን ትዘግናለች፣ መዳፏ ላይ እፍ ትላለች። ከላይ ያለውን ብቻ የሚያሳይ ነጋዴ እሷን አያታልልም።

ከዚያ በኋላ ያለው የጓዳ ምሥጢር ነው። ዱቄቱ በውሃ ይቦካል፣ ካለፈው የተረፈ እርሾ ይጨመርበታል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከላዩ የተንሳፈፈው ውሃ ይደፋል። ከቡኮው ትንሽ ተወስዶ በፈላ ውሃ አብሲት ይሆንና ወደ ቡኮው ይመለሳል፤ እንጀራው ዐይን የሚያወጣው በዚህ ነው። በመቡካት ጊዜ በጤፍ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፣ ሰውነትም ምግቡን በተሻለ ይጠቀማል። ይህን ሳያነቡ የሚያውቁ እናቶች ቡኮ ሳይደርስ አይጋግሩም። እርሾ የጠፋባት ጎረቤቷን ትለምናለች፤ በአንድ መንደር ያለ እንጀራ ሁሉ ተመሳሳይ ቃና የሚኖረው አንዳንዴ እርሾው ከአንድ ቡሃቃ ስለተሰራጨ ነው።

ዋጋው ከአቅም ሲያልፍ መቀላቀል የተለመደ ሆኗል። የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ በብዙ ቤት ይጋገራል፤ ማሽላም እንዲሁ። ይህ ነውር የለውም። እናቲቱ ራሷ ስትቀላቅለው ልኩን ታውቃለች፣ እንጀራው ነገ እንደሚደርቅም ታውቃለች። ነውሩ የጤፍ ተብሎ ሌላ ሲሸጥላት ነው። ምጣዱን የምታሰሽበትን ጎመን ዘር እንኳ ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ነው የምትገዛው፤ ጎመን ዘር የሚያመርት ገበሬ ግን ምርቱ ለዘይት ብቻ እንደሚፈለግ የሚያስብ ይመስላል።

ሽሮ ውስጥ ያለው እንግዳ

የሽሮ ሥራ ከበርበሬ ያነሰ ሰው፣ የበለጠ ዐይን ይፈልጋል። ሽንብራው ወይም አተሩ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው ይነፋል። ምጥን ሽሮ ከሆነ በርበሬና ቅመሙ አብሮ ይገባል። ለቀማው ላይ እናቶቹ የሚፈልጉት ጠጠርና ነቀዝ ብቻ አይደለም፤ ጓያም ነው።

ጓያ ድርቅንና ውሃ የሚቋጥር መሬትን የሚችል፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ሰው ያተረፈ እህል ነው። በደንቢያ፣ በፎገራ፣ በጎጃምና በሰሜን ሸዋ ገበሬው በደንብ ያውቀዋል። ችግሩ በውስጡ ያለው መርዝ ነው። ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። እንፋሎቱ ሰው ይሰብራል የሚለው የቆየ እምነት ግን ልክ አይደለም፤ የሚጎዳው ብዛቱና ብቸኛ ምግብ መሆኑ ነው። ደጋግሞ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ የበላው ሰው አይታመምም።

ታዲያ የከተማዋ እናት ለምን ትፈራዋለች? ርካሽ ስለሆነ ሳይነገራት ሽሮ ውስጥ ሊገባባት ስለሚችል ነው። በጥሬው ሲታይ ጓያ ይለያል፤ ፍሬው ጥርብ ያለ፣ እንደ ሽብልቅ ማዕዘን ያለው ነው። ከተፈጨ በኋላ ግን የሽንብራ ዱቄት ነው ቢሏት ማስተባበያ የላትም። ሽሮዋን ራሷ የምታዘጋጅበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ገበሬው ጓያን ጓያ ብሎ ለይቶ ቢሸጥ ገበያ አያጣም፤ ከሽንብራ ጋር ደባልቆ ሲያስገባ ግን የሁለቱንም ዋጋ ያወርዳል።

ነቀዝ ሌላው ነው። ሽንብራ በጎተራ ሦስት አራት ወር ሲቆይ ይበሳል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ያለ ኬሚካል ነቀዙን አፍኖ ይገድላል። በየቤቱ የሚጣለው የጭስ እንክብል ግን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ገዳይ ነው፤ የግብርና ባለሙያዎች ይህን ደጋግመው መናገር አለባቸው።

ቅቤና ወተት

ቅቤ ገበያ መሄድ በብዙ ቤት የአባወራው ወይም የአያት ድርሻ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ያለ አይመስልም፣ ልማድ ነው። ከአትክልት ቅባትና ከሙዝ ጋር የተደባለቀ ቅቤ ገበያ ላይ መታየቱ ግን ይህን ሥራ አክብዶታል። ለቃሚው ይቀምሳል፣ በጣቱ ያሻል፣ ያሸታል። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ቤት ውስጥ ሲነጠር ነው፤ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ እርዱና አብሹ ገብቶ እውነተኛው ቅቤ ጠርቶ ይወጣል፣ የተደባለቀው ግን ከሥሩ ብዙ ዝቃጭ ይተዋል።

ወተቱ ውስጥ ያለው ችግር ግን በዐይንም በአፍንጫም አይታወቅም። በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች የተመረመሩበትና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት ሁሉም ናሙናዎች አፍላቶክሲን እንደነበረባቸው አሳይቷል። ዋናው መንገድ ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ኑጉ ወይም ፋጉሎው በእርጥበት ሲከማች ይሻግታል፤ ላሟ ትበላዋለች፤ መርዙ ቅርጹን ለውጦ ወደ ወተት ያልፋል። በወተት አፍልቶ መጠጣት የለመደች እናት የባክቴሪያውን ነገር ታስወግዳለች፤ ይኼኛውን ግን አትችልም። መቆጣጠር የሚቻለው በኑግ አምራቹ ጎተራ፣ በዘይት መጭመቂያው መጋዘንና በከብት አርቢው ግርግም ነው።

ኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በከተማም ወተት፣ እንቁላልና የጓሮ አትክልት እንዲስፋፋ አድርጓል። በአየር ጤና ግቢዎች ጎመን፣ ሰላጣ፣ ጤና አዳምና በሶብላ በአሮጌ ጎማና በጆንያ ሲበቅሉ ማየት እንግዳ አይደለም። ከላሟና ከዶሮው ቁጥር ጋር የመኖው ጥራትም አብሮ ቢመዘገብ የመርሐ ግብሩ ውጤት የበለጠ ይታመናል።

ጊዜ የሌላቸው ቤቶች

ሁሉንም ከባዶ መሥራት ለሁሉም የሚቻል አይደለም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ተሰልፋ ማታ አንድ ሰዓት የምትመለስ ሴት በርበሬ ለመቀንጠስ ሳምንት አታገኝም። ለእሷ የባልትና ሱቅ አለ። ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ ራሳቸው ባለሙያ በሆኑ፣ በማኅበር ተደራጅተው በሚሠሩ ሴቶች የሚመሩ ናቸው፤ ሥራቸው ከቤት ሥራ ጋር የሚወዳደር ነው። የሚጎድላቸው የምርመራና የማረጋገጫ አቅም ነው። ያለ ምርመራ ንጹሑም ሱቅ ከአጭበርባሪው ጋር አብሮ ይጠረጠራል።

አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመሩት የእሁድ ገበያዎች በዚህ ረገድ መንገድ ከፍተዋል። ዩኒየኖችና ማኅበራት ያለ ደላላ ምርት ሲያመጡ ገዢዋ ቢያንስ የሻጩን ቦታ ትጠይቃለች። አንድ የጎጃም ዩኒየን በርበሬውን ከነዛላው፣ በቆጥ የደረቀ መሆኑን ገልጾ፣ የወረዳውን ስም ከረጢቱ ላይ ጽፎ ቢያቀርብ በመጀመሪያው ሳምንት ጥርጣሬ ይገጥመዋል። በሁለተኛው ዓመት ግን እናቶቹ በስሙ ይጠይቁታል፤ የማረቆ በርበሬም ስሙን ያገኘው በሌላ መንገድ አይደለም።

ወፍጮ ቤቱ የመጨረሻው ጣቢያ ነው። በርበሬ ያመጣች እናት ከእሷ በፊት ምን እንደተፈጨ ትጠይቃለች፤ ጤፍ ከሆነ ትታገሣለች፣ ሌላ ነገር ከሆነ ወፍጮው በጥቂት በርበሬ እንዲጸዳላት ከፍላ ታስደርጋለች። ዱቄቱ ሲወርድ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ቆማ ታያለች፣ ከዐይኗ አታስወጣውም። ቤት ሲደርስ በንጹሕ ማሸጊያ ይከፈላል። አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለታናሽ እህት፣ አንዱ አሜሪካ ወይም አረብ አገር ላለው ልጅ። የልጁ ድርሻ በሁለት ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ተመዝኖ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ለመግባት ይጠብቃል። ላዩ ላይ በስክሪብቶ የተጻፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የልጁ ስምና በርበሬው የተፈጨበት ወር።